በማልያው ጀርባ ላይ ያሉት ሰው

ለሎስ አንጀለሱ የፌርፋክስ ጎዳና ሰፊ ሕዝብ፣ ለታክሲ ነጂው፣ ለሰሃን አጣቢው ዶክተርና ዶክተር ነኝ ለሚለው ሰሃን አጣቢ በሙሉ! ክቡር ጋሼ ወንዳፍራሽ አድማሱ ከዛሬ ጀምሮ የፍርሃት ጠቅላይ ሊቀ መንበር፣ የሹክሹክታ የበላይ ጠባቂና የጥግ ወንበር ቋሚ ተወካይ ሆነው መሰየማቸው ታውጇል። ሹመቱን የተቃወመ የለም። ባለ ሹመቱ ራሳቸው ሊቃወሙ ከጅሏቸው ነበር፤ ማን እንደሚሰማ ስለማይታወቅ ተዉት።

ስደተኛ ባለበት ሁሉ እንዲህ ያለ ሰው አንድ አይጠፋም። ምግብ ቤት ሲገባ አስቀድሞ የሚያየው ሜኑውን ሳይሆን መውጫውን ነው። ጀርባውን ለግድግዳ፣ ፊቱን ለበር ሰጥቶ ይቀመጣል። ስልክ ሲደወልለት አንስቶ "እሱ የለም" የሚለው እሱ ራሱ ነው። ዝናብ ዘንቦ እንደሆነ ብትጠይቀው እንኳ ግራ ቀኙን ቃኝቶ "እንጃ፣ እኔ አላየሁም" ይልሃል። ዝናብ ብርቅ በሆነባት ሎስ አንጀለስ ደግሞ ምስክርነቱ ብዙ ጊዜ እውነት ነው።

ጋሼ ወንዳፍራሽ የዚህ ወገን ቁንጮ ናቸው። እትዬ እታገኘሁ ፌርፋክስ ላይ በከፈቱት ምግብ ቤት ክትፎ የሚያዙት በሹክሹክታ ነው፤ ለብለብ ይሁን ጥሬ እስከ ዛሬ በትክክል የሰማቸው አስተናጋጅ የለም፤ የመጣላቸውን ይበላሉ። "ቀስ በል፣ ሰው ይሰማል" የምትለዋ ቃል ከአፋቸው አትጠፋም። አንድ ጊዜ ባለ ታክሲው ዳኛቸው፣ በተማሪነቱ የበተነው ወረቀት ሥርዓት የገለበጠ የሚመስለው ያ ጉደኛ፣ "ጋሼ፣ ጨው ያቀብሉኝ" ቢላቸው፣ "ቀስ በል" ብለው ጨውን በጠረጴዛው ሥር አቀበሉት።

ሥራቸው ዳውንታውን ከአንድ የቢሮ ሕንፃ ሥር የሰው መኪና ፓርክ ማድረግ ነው። ደረታቸው ላይ የተለጠፈው ባጅ "ሳም" ይላል። አለቃቸው በመጀመሪያው ቀን ስማቸውን ሲጠይቃቸው ዝም አሉ። እሱም ሲጨንቀው "ሳም ልበልህ?" አላቸው። "የስ፣ የስ" አሉ፤ እንዲህ ያለ ደስታ የመኖሪያ ፈቃዳቸውን በያዙ ቀን እንኳ አልታየባቸውም። ወደ ቤታቸው ወደ ቫን ናይስ ሲመለሱ ከኋላቸው አንድ መኪና ከቆየባቸው መንገድ ቀይረው በርባንክ ይገባሉ። ፍሪዌይ ላይ ደግሞ ከኋላ መኪና የማይኖርበት ጊዜ ስለሌለ፣ በርባንክን እንደ ከንቲባዋ ያውቋታል።

የሚስቅ ይሳቅ። ፍርሃቱ ግን ከሰማይ የወረደ አይደለም። ያኔ አዲስ አበባ፣ ሰው በየቀበሌው እየተሰበሰበ "ይጋለጥ" በሚባልበት ዓመት፣ የቀበሌው ግቢ ውስጥ ምሰሶ ላይ ድምፅ ማጉያ ተሰቅሎ ነበር። ጋሼ ወንዳፍራሽና ታናሽ ወንድማቸው ክፍሉ አንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ማጉያው "ክፍሉ አድማሱ" አለ። ክፍሉ ጃኬቱን አውልቆ "ያዝልኝ" ብሏቸው ተነሣ። ጃኬቱ ዛሬም ቫን ናይስ ቁምሳጥን ውስጥ ተሰቅሏል። ከዚያ ወዲህ ለጋሼ ወንዳፍራሽ በድምፅ ማጉያ የተጠራ ስም ማለት የተወሰደ ሰው ማለት ነው።

እንግዲህ ለእንዲህ ያለ ሰው እግዚአብሔር ምን ሰጠው? ባስኬትቦል ተጫዋች ሴት ልጅ።

ሰርካዲስ በልጅነቷ መጥታ እዚሁ አደገች፤ አደገች ሲባል ደግሞ የምር ነው፤ አባቷን በአንድ ራስ ትበልጣለች። አንድ ኮሌጅ የትምህርት ወጪዋን ችሎ ለቡድኑ ወሰዳት። ጋሼ ወንዳፍራሽ የመጀመሪያውን ጨዋታ ሊያዩ ሄደው ከላይኛው ረድፍ፣ መውጫ ከሚለው መብራት ሥር ተቀመጡ። ልጃቸው ኳስ ይዛ ዞር ስትል ጀርባዋን አዩ። ከአሥራ አራት ቁጥር በላይ በትላልቅ ፊደላት ተጽፎ የነበረው "ወንዳፍራሽ" ነበር።

እኛ ዘንድ ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው፤ የአባቱ ስም ከኋላ ይከተላል። አሜሪካ የተከተለውን ይይዝና የፊቱን ይጥላል። ስለዚህ በዚያ አዳራሽ ውስጥ እየሮጠ፣ እየዘለለ፣ ከዳኛ ጋር እየተከራከረ የነበረው ወንዳፍራሽ ነው። ዓመታት ሙሉ ሳም ተብሎ ከምድር ቤት የተደበቀው ስም በብርሃን መሐል እየተንከላወሰ ነበር። ጋሼ ወንዳፍራሽ ከእረፍቱ በፊት ወጥተው መኪናቸው ውስጥ ጎንበስ ብለው ተቀመጡ።

ልጃቸው ስትመጣ ስማቸውን ለእነዚህ ሰዎች ማን እንደሰጠ ጠየቋት።

"አባዬ፣ ላስት ኔም እኮ ነው። ያንተ ስም የኔ ላስት ኔም ነው።"

"የአያትሽን ቢያደርጉትስ? አድማሱ ይበሉሽ። እሳቸው ሞተዋል፤ ማንም አያገኛቸውም።"

ደግነቱ፣ ለጋሼ ወንዳፍራሽ ማለት ነው፣ አሜሪካ ራሷ ደረሰችላቸው።

በቡድኑ ውስጥ ክሪስቲ ቮይቼሆቭስኪ የምትባል ፀጉረ ወርቅ ልጅ ነበረች። ጥሩ ተጫዋች ነች፤ ይህን ሰርካዲስም አትክድም። ግን ከሰርካዲስ በላይ አታገባም፣ ኳሱንም የምታገኘው ከሰርካዲስ እጅ ነው። ሕዝቡ የሚመጣው ለክሪስቲ ነበር። ትንንሽ ልጆች ፀጉራቸውን እንደ እሷ አስረው፣ ፊርማዋን ሊቀበሉ በር ላይ ይሰለፉላታል። ፎቶዋ አውቶቡስ ላይ ተለጠፈ፤ የሀምበርገር ቤት ማስታወቂያ ሠራች። ጋዜጣው እሷ ጥሩ ስትጫወት "አስተዋይ" ይላታል፤ ሰርካዲስ ያንኑ ስታደርግ "ተፈጥሮ ያደላት" ይላል፤ አራት ዓመት ጎህ ሳይቀድ የተለማመደችው ተፈጥሮ ይመስል። የአዳራሹ ስም ጠሪ ቮይቼሆቭስኪን ከረሜላ እንደሚመጥ ሰው እያጣጣመ ይጠራና ሰርካዲስ ላይ ሲደርስ "ቁጥር አሥራ አራት" ይላል። ስሟ ይከብዳል አሉ።

የዓመቱ ፖስተር ወጣ። እትዬ እታገኘሁ ገዝተው ግድግዳቸው ላይ ሰቀሉት። መሐሉን ክሪስቲ ሞልታዋለች። በቀኝ ጠርዝ፣ ወረቀቱ ሊያልቅ ሲል፣ ኳስ የምታቀብል አንዲት ጥቁር ክንድ አለች። ክንዷ የሰርካዲስ ነች። ቀሪው አካል ለማተሚያ ቤቱ መቀስ ተሰውቷል።

ዳኛቸው ፖስተሩ ሥር ቆሞ ሙሉ መግለጫ ሰጠ። የነጭ ከበርቴ ፕሬስ የጥቁርን ላብ ይወስድና የነጭ ፊት ይለጥፍበታል፤ ጥቁሯን እስከ ክርኗ ብቻ ይፈልጋታል፤ አለ። ልክ ነበር፤ ዳኛቸው ልክ ሲሆን ደግሞ ከተሳሳተበት ቀን ይበልጥ ያደክማል። ጋሼ ወንዳፍራሽ እጁን ጎትተው አስቀመጡት። "እኛ እኮ ሐበሻ ነን፣ ይሄ የነሱ ጣጣ ነው" አሉት በጆሮው። ይህን ባሉ በሳምንቱ ፍሪዌይ ዳር ያስቆማቸው ፖሊስ ግን ሐበሻ መሆናቸውን ሳይጠይቅ እጃቸውን የመኪናው ጣሪያ ላይ አስጫናቸው።

ፖስተሩን በተመለከተ የሊቀ መንበሩ አቋም ግልጽ ነበር። ፊት የለም፣ ስም የለም፤ በክንድ ማን ሰው ያገኛል? እግዚአብሔር ይመስገን። የክሪስቲን ቤተሰብ ዕድሜ ያርዝምልን፤ አደጋውን ሁሉ ወሰዱልን።

ከዚያ ሰርካዲስ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቫን ናይስ መጣች። የመጨረሻው የሜዳቸው ጨዋታ ቀርቧል። በዚያ ቀን ተመራቂ ተጫዋቾች ከወላጆቻቸው ጋር ወደ ሜዳው መሐል ይወጣሉ፤ ስማቸው ከነቤተሰባቸው በማይክሮፎን ይጠራል። ይህን ስትነግራቸው ጋሼ ወንዳፍራሽ መጋረጃውን ሳቡት።

ሥራ አለብኝ አሉ። የቅዳሜ ፈረቃ ነው፣ አለቃው ክፉ ነው፣ ወገቤን ያመኛል። ሚስታቸው ሽታዬ ያለ እሳቸው ከልጇ ጋር እንደምትወጣ ነገረቻቸው። "የኔ ስም ግን ማልያው ላይ የለም" ብላ ወደ ወጥ ቤት ሄደች።

ሰርካዲስ ሶፋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጠች ነበር።

"አባዬ፣ አራት ዓመት 'ቁጥር አሥራ አራት' ተብያለሁ። እኔ መኪና ነኝ? አንድ ቀን ብቻ ስሜን ይጥሩት። ሶ፣ አሠልጣኟ ለስም ጠሪው ትነግረዋለች፤ አንተ ካለህ ሊዘለኝ አይችልም። ፕሊስ።"

ጋሼ ወንዳፍራሽ ተነሥተው በሩ መቆለፉን አዩ።

ያን ሳምንት ዳውንታውን ውስጥ የሁለት ሰው መኪና ቁልፍ አለዋወጡ። ዳኛቸውን ምግብ ቤቱ ጥግ ወስደው፣ ከዋሽንግተን ከኤምባሲ የሚላክ ሰው ባስኬትቦል ያይ እንደሆነ ጠየቁት። ዳኛቸው ሊስቅባቸው አፉን ከፍቶ ፊታቸውን ሲያይ ዘጋው። "ጋሼ፣" አላቸው፣ "እዚያ የሚመጣ ሰው ከክሪስቲ በቀር ማንንም አያይም።" ይህ እንደ መጽናኛ የተነገረ ነው። እሳቸውም እንደ መጽናኛ ተቀበሉት።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ጋሼ ወንዳፍራሽ መጡ። ጥቁር መነጽር፣ ባርኔጣ፣ ከሥራ ሳይለውጡት የመጡት ሸሚዝ፣ ደረታቸው ላይ ሳም። አዳራሹ ጢም ብሏል። ክንዳቸውን ለልጃቸው ሰጥተው በመተላለፊያው ውስጥ ቆሙ፤ ሽታዬ በልጇ በሌላው ጎን ናት። በጭንቅላታቸው ላይ፣ ከጣሪያው ሥር፣ ድምፅ ማጉያዎቹ በረድፍ ተሰቅለው ቁልቁል ያዩዋቸዋል።

አስቀድማ ክሪስቲ ወጣች። ስም ጠሪው የት እንደተወለደች፣ አባቷና እናቷ ምን እንደሚሠሩ፣ ውሻዋ ማን እንደሚባል ሳይቀር አነበበ። ሕዝቡ ለውሻው አጨበጨበ።

ቀጥሎ ወረቀቱን አየ። "ቁጥር አሥራ አራት፣ ከነቤተሰቧ" አለ።

የጋሼ ወንዳፍራሽ ጸሎት ከነሙሉ ክብሩ ተሰማ። ማንም አልጠራቸውም። መሐል ሜዳ ላይ ቆመው ማንም አልነበሩም። ሊተነፍሱ ሲሉ ግን የልጃቸው እጅ በክንዳቸው ላይ ቀስ እያለ ሲላላ ተሰማቸው። ቀና ብለው አዩዋት። ለፎቶ አንሺው ፈገግ ብላለች፤ ዓይኗ ግን እዚያ የለም። ያንን ዓይን ያውቁታል፤ ክፍሉ አግዳሚው ላይ ጃኬቱን ሲያቀብላቸው አይተውታል። እስከዚያች ቀን ድረስ ሰው የሚወሰደው ስሙ ተጠርቶ ብቻ ይመስላቸው ነበር። ሳይጠራም እንደሚወሰድ ያኔ አዩ።

ሊቀ መንበሩ ክንዳቸውን አላቀው ወደ ስም ጠሪው ጠረጴዛ ሄዱ። አካሄዳቸው የጀግና አልነበረም፤ አንድ ጊዜ ወደ መውጫው ታጥፈው ነበር ይባላል። ከደረሱ በኋላም ያደረጉት ያንኑ ዕድሜ ልካቸውን የሚያደርጉትን ነው። ጎንበስ ብለው በሰውዬው ጆሮ አጠገብ አንሾካሾኩ።

"ሰርካዲስ ወንዳፍራሽ።"

ማይክሮፎኑ ክፍት ነበር።

ሹክሹክታው ከጣሪያው እንደ ንፋስ ወረደ። ጋሼ ወንዳፍራሽ የራሳቸውን ድምፅ ከላይ ሲሰሙ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። የማጉያውን ድምፅ ሰምቶ ሊወስዳቸው የሚመጣው ሰው በየት በኩል እንደሆነ በዓይናቸው ፈለጉ። ከላይኛው ረድፍ አጨብጭቦ ሊጮህ ከተነሣው ዳኛቸው በቀር የሚንቀሳቀስ አልነበረም፤ እሱም ፊታቸውን አይቶ ቁጭ አለ። ስም ጠሪው አፉን ከፍቶ ያያቸዋል። ያልሰማ መሰላቸው። እንደገና ጎንበስ አሉ።

"ወንዳፍራሽ ኢዝ ሚ" አሉ፣ ሳም የሚለው ባጅ ደረታቸው ላይ እያብለጨለጨ።

ሰውዬው ሞከረ። አንደኛው ተሰበረበት። ሁለተኛው ግማሽ መንገድ ሄደ። በሦስተኛው ሙሉ ስሟ ወጣ፤ የእሷም የእሳቸውም። ሰርካዲስ መሐል ሜዳ ላይ ማልያዋን ወደ ፊቷ ስባ እንባዋን ጠረገችበት።

ማይክሮፎኑ ክፍት መሆኑን ያውቁ እንደሆነ ብዙ ሰው ጠይቋቸዋል። "ቀስ በል" ይላሉ።

የተለወጠ ነገር አለ እንዳይባል፤ የለም። ክሪስቲ ዛሬም ሀምበርገር ትሸጣለች፣ ፖስተሩ ላይ ዛሬም ክንድ ብቻ ነው ያለው፣ ባጁም ሳም ይላል። ጋሼ ወንዳፍራሽ እንዲያውም ብሶባቸዋል፤ ስልካቸውን አስቀይረዋል፣ በርባንክን አልፈው ሌላ ከተማ ማጥናት ጀምረዋል። አንድ ነገር ብቻ እትዬ እታገኘሁ አስተውለዋል። ሊቀ መንበሩ የጥግ ወንበራቸውን ለቀዋል። አሁን የሚቀመጡት ፖስተሩ ትይዩ ነው፤ ክንዷን ፊት ለፊት ለማየት ሌላ ወንበር የለም፤ እዚያ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ጀርባውን ለበሩ ይሰጣል። ክፍሉ ከተወሰደ ጀምሮ ጀርባቸውን ለበር ሰጥተው አያውቁም። ትከሻቸው ወደ ጆሯቸው ተስቦ፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር እጃቸው ጉርሻው ላይ እየደረቀ፣ ያያሉ።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ በጥብቅ ትለመናለህ። ፌርፋክስ መጥተህ ወደዚያ ቤት ስትገባ፣ ግድግዳ ላይ ያለች ክንድ የሚመለከቱ ሰው ብታይ፣ ድምፅህን አጥፍተህ ከኋላቸው አትምጣ። ገና በሩ ላይ ቁም፣ ጉሮሮህን ጥረግ። ከዚያ ስማቸውን ጥራ፤ ሳምን አይደለም፣ የማልያውን ስም፣ ጮክ አድርገህ። ይደነግጣሉ፤ አንተ አትደንግጥ። ግን ዞረው የወዳጅ ፊት መሆኑን እስኪያዩ ድረስ፣ እባክህ፣ ከበሩ ንቅንቅ አትበል።