ተከናንቦ የሚፈርደው ባሌ

ሰው ሲፈርድ በጆሮው የሚፈርድ ይመስለዋል። ከሳሽ አፉን ሳይከፍት ግን ዓይን ሥራውን ጨርሶ ተነሥቷል፤ የማን ፊት አንጀት ይበላል፣ ማን ያለቦታው ይስቃል፣ የማን ነጠላ ነጭ ነው፣ ሁሉንም መዝኖታል። ጆሮ የሚደርሰው ከተፈረደ በኋላ ነው። ቡሬ የሚያስተምረው የወንድሜ ልጅ እንደነገረኝ፣ በሩቅ አገር ከተራው ሕዝብ ሰው እየመረጡ ለፍርድ ያስቀምጣሉ አሉ። እነሱም የተከሳሹ መልክ ያታልላቸዋል ሲለኝ አልገረመኝም። እኛም ከሾላው ሥር የሚፈርዱ ሽማግሌዎች አሉን፤ የኛዎቹ ጋቢ ይለብሳሉ እንጂ።

ለጋቢስ የኔ ይሁኔ ነበር። ነፍሱን ይማረውና፣ ከማንኩሳ ወዲህ ባለችው መንደራችን ከሽማግሌዎቹ አንዱ እሱ ነበር። ባለጉዳይ ብቅ ሲል ጋቢውን ከራሱ እስከ ጉልበቱ ይከናነባል፤ እስኪፈረድ አይገለጥም። ተኝቷል ይሉት ነበር። «ይሁኔን ቀስቅሱት፣ ፍርድ ደረሰ» እያሉ ይቀልዱበታል። እኔም አፍር ነበርና አንድ ቀን ለምን እንዲህ እንደሚሆን ጠየቅኩት።

«ዓይን ጉቦ ይበላል» አለኝ። «ያውም ሳይሰጡት።»

እሱ ባረፈ በመጀመሪያው ጥቅምት፣ ጉም መንደሩን እንደ ወተት አረፋ ደፍኖት ባደረ ማለዳ፣ የአያ ጫኔ ዳጉሳ በከብት ተበላ። አያ ጫኔ ሲደርስ ያየው፣ ጉም ውስጥ የሚሟሟ ቀይ ጀርባ ብቻ ነው። በዚያ ሠፈር ቀይ ላም ያለን ሁለት ሴቶች ነን፤ እኔና አንጓች። ሁለታችንም ከሾላው ሥር ተጠራን።

አንጓች ቡሬ ካገባችው ባሏ ተጣልታ፣ ልጅ አዝላ የተመለሰች ጎረቤቴ ናት። አፏ ስለት ነው። ደግሞ እንግዳ ጠባይ አላት፤ ስትፈራ ትስቃለች። በሕፃንነቷም እናቷ ስትቆጣት እየሳቀች ነበር የምትገረፈው። የዚያን ቀንም ሳቀች።

ዋናው ሽማግሌ መሪጌታ ልሳኑ ወደ እኔ ዞሩ፤ ጥቁር ልብሴን አዩ። «አንቺማ ሐዘንተኛ ነሽ ልጄ፣ አረፍ በይ» አሉና ድንጋይ አስጠጉልኝ። የኔ ክርክር በዚሁ አለቀ። አንጓችን አዩ፤ ጥርሷን አዩ። የሰው እህል አስበልታ ትስቃለች እንዴ ተባለ። ዳጉሳውን በአጨዳ እስክትተካ ድረስ ላሟ አያ ጫኔ በረት ትታሰር ብለው ፈረዱ። የዚያች ልጅ ጉሮሮ በዚያች ላም ወተት ነው የሚረጥበው። አንጓች እየሳቀች እንባዋ ወረደ።

«እትዬ» አለችኝ ወደ እኔ ዞራ፣ «እርስዎን የጠየቀዎት የለም፤ እኔንም የጠየቀኝ የለም። በፍርድ ከሄደች በቅሎ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦ ትቆጫለች አይደል የሚባለው?»

እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። ይሁኔ እንደሚያደርገው ተከናንባችሁ አንዴ ስሙን ብዬ ሽማግሌዎቹን ለመንኩ። ሳቁ። ነገር ግን የሞተ ባልንጀራ ስም ተጠርቶ እንቢ አይባልምና፣ እየሳቁ ተከናነቡ። ሦስት ነጫጭ ክምር ከሾላው ሥር ተቀመጠ። ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋ። የሾላው ቅጠል ጠብ ሲል እንኳ ይሰማ ነበር።

ዓይን ሥራ ሲፈታ ጥያቄ ይመጣል ለካ። ከጋቢው ውስጥ የመሪጌታ ድምፅ፣ «ጫኔ፣ ያ ሁሉ ጉም እያለ ከብት መግባቷን በምን አወቅህ?» አለ።

«በቃጭሏ ነዋ» አለ አያ ጫኔ። «ቃጭሏን ሰምቼ አይደል ከመኝታዬ የተነሣሁት?»

«ቀድሞ ለምን አልተናገርክም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

በመንደራችን ቃጭል ያላት ላም አንዲት ናት። ይሁኔ ከፍኖተ ሰላም ገበያ ገዝቶ፣ በጠፍር አድርጎ፣ በገዛ እጁ ያሰረላት። ማታ በደንብ ያሰርኳት መስሎኝ ነበር፤ ከሐዘኑ ወዲህ እጄ የሚሠራውን ልቤ አይከተለውም።

«የኔዋ ናት» አልኩ።

ሽማግሌዎቹ ተገለጡ። ሲገለጡ መጀመሪያ ያዩት ያንኑ ጥቁር ልብሴን ነው። ፊታቸው ሲለዝብ እያየሁት ነበር። መሪጌታም፣ ሐዘንተኛ ናት፣ ዳጉሳውም ያን ያህል አይደለም፣ ጫኔም ለይሁኔ ነፍስ ብሎ ይተወው አሉ። አያ ጫኔም ራሱን መነቅነቅ ጀምሯል። ቅድም ለአንጓች ድንጋይ የነበረው ሕግ ለኔ ውኃ ሆነ። አንጓች አየችኝ። አሁን አትስቅም።

«እባካችሁ» አልኳቸው፣ «ተመልሳችሁ ተከናነቡ።»

ላሜ እስከ አጨዳ አያ ጫኔ በረት ናት። ማለዳ ጉሙ ሲወፍር ቃጭሏ በዚያ በኩል ይሰማኛል፤ ከብት እየነዳ ወደ ቤት የሚመለስ ሰው ያለ ይመስለኛል። ዓይን ዋሾ ነውና ዓይኔን አልጠይቀውም። የይሁኔን ጋቢ ከራሴ እስከ ጉልበቴ እከናነብና፣ ትንሽ ሳልገለጥ እቆያለሁ።