ፊልሙን አይቼዋለሁ ባዩ ቶላ

አንባቢ ሆይ፣ ጌም ቤት ገብተህ ታውቃለህ? እንግዲያው እንደ ቶላ ያለ ሰው አይጠፋህም። ቶላ ጆይስቲክ አይነካም፤ ከኋላ ቆሞ የሚመጣውን ይተነብያል። ባኬ ጃማ ሰፈር ባለው ጌም ቤት የምንጫወተው ባለ አምስት ክፍል ጌም ከተከታታይ ፊልም የተሠራ ነው። ቶላ ደግሞ ፊልሞቹን አንድም ሳይቀር አይቷል። ታዲያ ነቢይ ለመሆን ሌላ ምን ያስፈልጋል?

«ኦቦሌሳኮ፣ ወንድሜ፣ ሽማግሌውን አትመን! ይገድልሃል!» ብሎ አንድ ቀን ጮኸ። የጌሙ ታሪክ ግን ሌላ ኖሮ፣ ሽማግሌው በሩን ከፍቶ ሻንጣችንን ተሸከመልን። ቶላ አፈረ? የለም። «የተሳሳቱት ጌሙን የሠሩት ናቸው» አለ።

ታላቅ ወንድሜ ዘውዱ አራተኛውን ክፍል እንደጨረሰ ነው የሞተው። አርባው ከወጣ በኋላ፣ እሱ ካቆመበት ልቀጥል ሄድኩ። ስሙ አሁንም ስክሪኑ ላይ አለ። አምስተኛውን ክፍል ከጨረስኩት ግን ዘውዱ የጀመረው ነገር ያልቃል። ጆይስቲኩን መልሼ አስቀመጥኩት።

«ቶላ፣ መጨረሻው ምንድን ነው?» አልኩት።

ስክሪኑ ላይ ያለውን የዘውዱን ስም አየ። ከዚያ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ።

«እሱን እንኳ አላየሁትም» አለኝ፣ አንድም ፊልም ያላለፈው ቶላ። «አትቸኩል፣ ኦቦሌሳኮ። ቀስ እያልን አብረን እናየዋለን።»