የእትዬ ዘሙሩድ ሳጥን

በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት ግድም የካ ላይ አንድ ወሬ ተነሣ። የቀበሌው መዝገብ ያዥ እትዬ ዘሙሩድ ራሳቸውን ለማስቀደም ብለው የሕዝቡን የስኳር ካርድ ገለባበጡት ተባለ። ወሬው ከሾላ ገበያ ተነሥቶ እንጦጦ እስኪደርስ ስኳሩ ኩንታል ሆኖ ነበር። ካርዱን መገለባበጣቸው እውነት ነው። ለራሳቸው የሚለው ግን የወሬኛ ቅመም ነው።

ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ ክምር አይቶ የሚያልፍና ክምር ባየ ቁጥር እጁን የሚበላው። እያንዳንዱ ሰፈር ከሁለተኛው ወገን አንድ ሰው ይደርሰዋል። ለእኛ የደረሱን ክብርት የሳጥን ሹም ዘሙሩድ ናቸው። ለቅሶ ቤት ሲሄዱ በር ላይ የተከመረውን ጫማ መጀመሪያ በየቤተሰቡ ይለያሉ፤ ቀጥለው ክምሮቹን ከብዙው ወደ ጥቂቱ ያሰልፋሉ፤ ከዚያ ገብተው ያለቅሳሉ። ሾላ ላይ ሽንኩርት ሻጯ መደቦቿን ከትልቅ ወደ ትንሽ እስክታስተካክል ከፊቷ ንቅንቅ አይሉም። "አይገዙም እንዴ እትዬ?" ስትላቸው "እየገዛሁ ነው፤ መጀመሪያ ይደርደር" ይላሉ።

በቀበሌያችን ሕፃን ሳይቀር ሁሉም በስሙ አንድ ካርድ አለው። ስብሰባ የተገኘ ካርዱ ላይ ማኅተም ይመታለታል። ካርዶቹ በየቤቱ በላስቲክ ታስረው እትዬ ዘሙሩድ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣሉ። ስኳር ሲመጣ ስም የሚጠራው ከሳጥኑ ፊት ጀምሮ ነው። ስኳሩም ሳጥኑ ሳያልቅ ያልቃል።

ሊቀመንበሩ ጓድ ከበበ አንድ ሰኞ "ስብሰባ የሚያዘወትር ይቅደም" ብሎ ወሰነ። ላስቲኩን ሁሉ ፈትቶ፣ ከሁለት ካድሬ ጋር ሦስት ቀን ቁጭ ብሎ፣ ካርዱን አንድ በአንድ ማኅተም ከበዛበት ወደ አነሰበት ደረደረው። ከዚያ ላቡን ጠርጎ፦

"በይ ጓድ፣ አሁን በየቤቱ እሰሪው።" አብዮቱ አንቱታን ከሻረለት ወዲህ የእናቱን እኩያ አንቺ ይላል።

እትዬ ዘሙሩድ አሰሩት። አባትን ከሳጥኑ ራስጌ፣ እናትን ከመሀል፣ ሕፃኑን ከግርጌ እየለቀሙ፣ በቤት ቁጥር። የሦስት ቀን ድካም እንደ ጉም በነነ።

"የደረደርኩት የት ሄደ?" አለ ከበበ።

"ታሰረ።"

"በተንሽው እኮ።"

"ልጄ፣ ሳይታሰር የተደረደረ ሲታሰር ይበተናል። መጀመሪያ እሰር። ከዚያ በእያንዳንዱ እስር ውስጥ ያለውን ቁጠር። ከዚያ እስሮቹን በቁጥራቸው ደርድር።"

"እንግዲያው ማኅተሙ ይቆጠርና ይደርደር።"

"መቆጠሩስ ይቆጠራል" አሉ እትዬ ዘሙሩድ። ምኑ እንደሚቆጠር አልተናገሩም።

ያን ሳምንት አገርነሽን አግኝተዋት ነበር። አገርነሽ ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክማ እያወረደች የምትሸጥ፣ ባል የሞተባት፣ ቤቷ ውስጥ ዘጠኝ አፍ ያለባት ሴት ናት። ስብሰባ እሑድ ጠዋት ነው፤ እሑድ ጠዋት እሷ ጫካ ናት። ዘጠኙም ካርድ ላይ አንድ ማኅተም የለም። ትንሿ ልጇ ተቅማጥ አድክሟት ጤና ጣቢያ ወስዳት፣ "ስኳርና ጨው በውሃ በጥብጠሽ አጠጫት" ብለው መልሰዋታል።

"ጨው አለኝ" ነበር እትዬ ዘሙሩድን ያለቻቸው።

ቅዳሜ የኅብረት ሱቁ ተከፈተ። ሰልፉ እስከ ባሕር ዛፎቹ ደርሷል። እትዬ ዘሙሩድ ሳጥኑን ጭናቸው ላይ አድርገው የመጀመሪያውን እስር አነሡ።

"አገርነሽ፣ ዘጠኝ አፍ።"

አገርነሽ ስኳሯን ተቀብላ ወደ ቤቷ ቁልቁል ስትሮጥ ከበበ ገና አፉን እየከፈተ ነበር።

"ይኼ በምንድነው የተደረደረው?"

"በአፍ ብዛት።"

"በማኅተም አላልኩሽም?"

"ብለሃል። ስኳሩን የሚልሰው ግን አፍ ነው።"

"ይኼ ጸረ-አብዮት ሥራ ነው። ምን እንደሚያስከትል ታውቂያለሽ?"

ለዚያች ቃል ሰው ወጥቶ የሚቀርበት ዘመን ነው። እትዬ ዘሙሩድ መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አደረጉ።

"እንግዲያው ቶሎ ብለህ ጻፈው። እኔ ስምንት አፍ ላይ ደርሻለሁ። በዳዳ፣ ስምንት አፍ።"

በዳዳ ከሰልፉ ወጣ። ከኋላው ያሉት አንድ እርምጃ ተጠጉ፤ ከዚያ ሌላ እርምጃ። ከበበ ደብተሩን ከፈተ፣ ሰልፉን አየ፣ ደብተሩን መልሶ ዘጋው።

ስኳሩ ሦስት አፍ ላሉባቸው ቤቶች ሁሉ ደርሶ አለቀ። ሳጥኑ ውስጥ የቀሩት ሁለትና አንድ አፍ ያላቸው ቤቶች ናቸው። እትዬ ዘሙሩድ ከእህታቸው ከሳፊያ ጋር ሁለት አፍ ናቸው። ጠዋት ይዘዋት የመጡትን ባዶ ከረጢት አራት ቦታ አጠፏት። ራሳቸውን አስቀደሙ የተባለው እንግዲህ ይኼ ነው።

ከበበ እየሳቀ ጠጋ አላቸው።

"አየሽ ጓድ? ስም መዝጋቢ ስለሆንሽ ስብሰባ ቀርተሽ አታውቂም። ሰባ አራት ማኅተም አለሽ። በእኔ አደራደር አንደኛ ነበርሽ።"

እትዬ ዘሙሩድ ከፔርሙዛቸው ሻይ ቀዱ፤ የዚያን ዘመን ሰው ሁሉ ስኳር ሲያጣ እንደሚያደርገው ከረሜላ ጉንጫቸው ውስጥ ወሽቀው አንድ ጊዜ ፉት አሉና ብርጭቆውን ወደ ሊቀመንበሩ ዘረጉለት።

"ሰባ አራቱን እዚህ ብጨምረው ይጣፍጣል?"