የሁዳዴ ቅቤ

ሁዳዴ ሲገባ የንስሐ አባቶች መከራቸው ይበዛል። ዓመቱን ሙሉ ከሩቅ ባየናቸው ቁጥር መንገድ የምንቀይርባቸው ሰዎች፣ ጾሙ አጋማሹ ላይ ሲደርስ ድንገት ይናፍቁናል። እንደኔ ያለው ደግሞ ሲናፍቅም በልክ ነው። ሄደን መስቀል እንሳለማለን፣ አንገታችንን እንደፋለን፣ ከዚያ «አባ፣ በማወቅም ባለማወቅም በድያለሁ» እንላለን። ይቺ «በማወቅም ባለማወቅም» የምትባል ነገር እንዴት ያለች ምቹ ነገር መሰለቻችሁ። ልክ እንደ ማዳበሪያ ከረጢት ናት፤ ሐሜቱንም ምቀኝነቱንም ቂሙንም አንድ ላይ ጠቅጥቃችሁ፣ አፏን አስራችሁ ታስረክባላችሁ። ውስጧን ማንም አያይም። ከዚያ አርባ ስግደት፣ ጥቂት አቡነ ዘበሰማያት፣ አበቃ። እኔም ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት እስኪቀረኝ ድረስ ንስሐ ማለት ይኼ ነው ብዬ ኖሬያለሁ።

አልነበረም። ያወቅኩት በቅቤ ነው።

እንግዲህ የኛን ሰፈር የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ ቆቦ ውስጥ ብዙው አጥር የማሽላ አገዳ ነው። የአገዳ አጥር ፍየል ይከለክላል፤ ዓይንና ጠረን ግን አይከለክልም። ስለዚህ እኔን «ወርቄ ወሬ ፈላጊ ናት» የሚሉኝ ሰዎች ይሳሳታሉ። እኔ ወሬ ፈልጌ አላውቅም። ወሬው ራሱ በአጥሩ ቀዳዳ ይመጣል፤ እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ እቀበለዋለሁ። እንግዳ ተቀባይ ነኝ።

ያን ዓመት የኛ ሁዳዴና የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ረመዳን ተገጣጥመው ነበር። ሰፈሩ በሙሉ ጾመኛ ሆነ። በቀን ከሕፃንና ከአራስ በቀር አፉን የሚያንቀሳቅስ ሰው ጠፋ፤ የቆላው ሙቀት ተጨምሮበት፣ ከሮቢት የሚመጡት ባጃጆች እንኳ ደክሟቸው የሚነዱ ይመስሉኝ ነበር። በዚህ መሃል አንድ ረቡዕ፣ ረፋዱ ላይ፣ ሽሮ ላስፈጭ ሽምብራ እየለቀምኩ ሳለ አፍንጫዬ ቀና አለ። ቅቤ። ያውም ዝም ብሎ ቅቤ አይደለም፤ ኮረሪማና በሶብላ ገብቶበት እየተነጠረ ያለ ቅቤ። ጾሙ ከገባ ሦስት ሳምንት ያለፋት ሴት እንዲህ ያለውን ጠረን አትስተውም። ከየት ነው ብላችሁ ጠይቁኝ።

ከዝናሽ ማድ ቤት።

ዝናሽ የአጥር ጎረቤቴ ናት። በየወሩ በ21 በየተራ ቤታችን ጽዋ የምንጠጣ አሥራ ሁለት ሴቶች የማርያም ማኅበር አለን፣ የማኅበሩ ሙሴ፣ መሪያችን ማለት ነው፣ እሷ ናት። ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳትቀምስ የምትውል፣ የሰው ጾም የምትቆጣጠር፣ ስትሄድ እንኳ መሬቱን የምትባርከው የሚመስላት ሴት። ሌላም ነገር ልንገራችሁ፣ ከተናዘዝኩ አይቀር። ባለፈው ወር ጽዋው የኔ ተራ ነበር። ዝናሽ በሁሉም ፊት ጠላዬን አንዴ ጎንጨት አደረገችና፣ «ወርቄ፣ ይኼ ጠላ ውሃ በዝቶበታል» አለችኝ። ውሃ በዝቶበት ነበር። ቢሆንስ?

ሽምብራዬን ትቼ አንድ ዓይኔን በአገዳው መሃል ሰደድኩ። አየኋት። ድስቱ ላይ ጎንበስ ብላ ታማስላለች።

ወዲያው የሚያስወጣኝ ጉዳይ ተገኘ። አስፋልቱ ዳር ቲማቲም የምትሸጠው ፀሐይ፣ እሷም ማኅበርተኛችን ናት፣ አጠገቧ ተቀመጥኩና «ለማንም እንዳትነግሪ» ብዬ ጀመርኩ። አንድን ነገር ቶሎ ማድረስ ስትፈልጉ በኛ ሰፈር ከ«ለማንም እንዳትነግሪ» የሚፈጥን መኪና የለም። ከፀሐይ ተነስቼ ሌሎች አምስት ቤት አደረስኩ፤ የቀረውን ነገሩ በራሱ እግር ሄደ። እየሄደም አደገ። የገበያ ቀን፣ ከዋጃ የመጣች አንዲት ሽንኩርት ነጋዴ «አልሰማሽም እንዴ? ቆቦ አንዲት የማኅበር ሙሴ በሁዳዴ በግ አርዳ ተገኘች አሉ» ብላ ነገረችኝ። እኔ ራሴ ደነገጥኩ። ማን ትሆን ይቺ ጉድ ብዬ እስከ ቤቴ ድረስ ሳስብ ሄድኩ።

በ21 ደግሞ ተራው የዝናሽ ነው። ሴቶቹ «ጾም ከተገደፈበት ቤት ጽዋ አንጠጣም» ተባብለው ጨረሱ። ፊት ለፊት የነገራት የለም። እሷ ግን ለድግሷ ጌሾ ስትወቅጥ በአጥሩ በኩል እሰማታለሁ፤ ዱቅ፣ ዱቅ፣ ዱቅ። ሰው ለማይመጣበት ድግስ ጌሾ ሲወቀጥ ድምፁ ሌላ ነው። ጆሮዬን በነጠላዬ ብሸፍነውም ይሰማኛል።

በዚያው ሰሞን አራስ ልጠይቅ ወጣሁ። ከዝናሽ ወዲያ ማዶ ያለችው ጎረቤታችን ሐዋ ናት፣ ልጇ ዘሀራ ወልዳለች። ሐዋ ራሷ ጀሪካን ተሸክማ ወድቃ ክንዷን ተሰብራ፣ ወጌሻ በቀርከሃ አስሮላት ተቀምጣለች።

«ማን እያገዘሽ ነው እህቴ?» አልኳት።

«ዝናሽ ናታ፣ ሌላ ማን አለኝ። ቅቤውን የምታነጥርልኝ፣ ገንፎውን የምታገነፋልኝ እሷ ናት። ወሏሂ እትዬ ወርቄ፣ በጾም አፏ እሳቱ ላይ ተጥዳ ትውላለች። ምንዳዋን አላህ ይክፈላት።»

«ጨው ነው እንጂ ችግሩ» አለች ዘሀራ ከአልጋዋ ላይ፣ እየሳቀች። «እሷ ጾመኛ፣ እማዬ ጾመኛ፣ የሚቀምስ የለ። አንድ ቀን ባሕር ነው፣ አንድ ቀን ጭራሽ የለውም። ትናንት ብነግራት ደንግጣ ዛሬ ጨው የሚባል አላስነካችውም።»

«አንቺ ዝም ብለሽ ብዪ» አለቻት ሐዋ።

እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም።

በማግስቱ የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ተንበርክኬ ከረጢቴን አቀረብኩ፤ «አባ፣ በማወቅም ባለማወቅም...»

«ባለማወቅ የሠራሽውን እግዚአብሔር ያውቀዋል ልጄ። በማወቅ የሠራሽውን ንገሪኝ።»

ከረጢቷ እንዲህ ስትፈታ አይቼ ስለማላውቅ ግራ ገባኝ። እስኪ ማሟሟቂያ ብዬ ፀሐይ የላላውን ቲማቲም ከሥር፣ ደህናውን ከላይ አድርጋ እንደምትሸጥ ነገርኳቸው።

«ፀሐይም የንስሐ አባት አላት፤ የሷን ለእሱ ተይለት። ያንቺስ?»

የቅቤውን ነገር ተናገርኩ። ተናግሬም አልበቃኝም፣ «ግን አባ፣ አፍንጫዬ አልዋሸም፤ ቅቤ ነበር» አልኩ።

«አፍንጫሽ ቅቤ አለሽ። በላች ያለሽ ማነው?»

የነጠላዬን ጫፍ መቋጠር ጀመርኩ።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«ሌላስ?» አሉ፣ ቸኩለው አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ እዚያው ሊቀመጡ እንደሚችሉ ሰው።

እዚህ ላይ እናንተንም ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ከእናንተም ያስቀረሁት ነገር አለ። ያን ረቡዕ በአገዳው መሃል ያየሁት ዝናሽን ብቻ አልነበረም። ድስቱንም አይቻለሁ። ቀይ ቀለም የተቀባ ብረት ድስት፣ አንድ ጆሮው የተሰበረ። ሰርግ ሲሆን ሰፈሩ ሁሉ የሚዋሰው የሐዋ ድስት ነው፤ የማያውቀው የለም። ዝናሽ የራሷን የጾም ድስት ቅቤ እንዳይነካባት የሐዋን ተጠቅማለች። ዘሀራ መውለዷንም አውቃለሁ፣ የሐዋን ክንድም አውቃለሁ። ሁሉንም አውቃለሁ። ቅቤውን ለፀሐይ አደረስኩ፣ ድስቱን ቤቴ አስቀረሁት። ሰው ሐሜት ሲባል ያላዩትን ማውራት ይመስለዋል። የኔ ዓይነቷ ግን ያላየችውን አታወራም፤ ካየችው ትመርጣለች።

«ድስቱ የሐዋ ነበር አባ» አልኩ። ሳላስበው እንባዬ መጣ።

«አሁን ደረስሽ» አሉ።

እንባዬን ጠርጌ «ስንት ልስገድ?» አልኩ። ጉልበቴን አዘጋጅቼ ነው የመጣሁት።

«ጉልበትሽ ምን በደለ? የዝናሽን ስም ወስደሻል፤ መልሽላት። ቅቤውን ባደረስሽበት በር ሁሉ ድስቱንም አድርሺ። ንስሐ መመለስ ነው ልጄ፤ እኔ ጋ መምጣትሽ ግማሽ መንገድ ነው።»

«አባ፣ ሁለት መቶ ስግደት እችላለሁ። ሦስት መቶም...»

«ተነሽ ሂጂ።»

ሄድኩ። ለሐሜት ስወጣ ያልተሰማኝ ፀሐይ ያን ቀን አናቴን በሳኝ። ፀሐይ ባለ ቲማቲሟ ሁሉን ሰምታኝ ስታበቃ፣ ዓይኗን አጥብባ «ምን ሰጥታሽ ነው?» አለችኝ። ታያላችሁ? የዝናሽን ስም ሳጠፋ ማንም ምስክር አልጠየቀኝም፤ ስመልስ ዋስ አምጪ ተባልኩ። አንዷ ቤት ደግሞ ጭራሽ ረስታዋለች፣ «የቱ ቅቤ?» አለች። ከመጀመሪያው መንገር ግድ ሆነ፤ እውነቱን ለመናገር እዚያ ላይ ትንሽ ጣፈጠኝ። ወደ ሰፈር የመለሰኝ የባጃጅ ሹፌርም ሰምቷል።

«በግ ነው ያሉኝ» አለ።

«ቅቤ ነው። እሱም የአራስ።»

«በጉስ?»

«በግ የለም አልኩህ።»

«ኧረ እማማ፣ ቆዳውን ያየ ሰው አለ።»

መጨረሻ የዝናሽ በር ቀረ። እሷ ዘንድ ስደርስ ስንዴ ከእንክርዳድ እያበጠረች ነበር። ቆሜ ሁሉንም ተናገርኩ። ቀና አላለችም።

«ድስቱን አይተሽዋል?»

«አይቼዋለሁ።»

«ያንን ነበር ማወቅ የፈለግሁት። ዓይንሽን በአገዳው መሃል አይቼዋለሁ እኮ። የተሰበረውን ጆሮ ወደ አንቺ ያዞርኩት እንድታይው ብዬ ነው።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። «ይቅር በይኝ ዝናሽ» አልኩ።

«በ21 ማን እንደሚመጣ ልይና እመልስልሻለሁ» አለች። ማበጠሯን ቀጠለች።

በ21፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ መጀመሪያ የደረስኩት እኔ ነኝ። ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል፣ ድፎው ተቆርሷል፣ ብርጭቆዎቹ ተደፍተዋል። አግዳሚው ባዶ ነው። እሷ በሩን ታያለች፣ እኔ እግሬን አያለሁ። እንዲያ ስንቆይ ሐዋ ገባች፤ ወሬው እሷም ጆሮ ደርሶ ኖሯል፤ አንድ ክንዷ በቀርከሃ ታስሯል፣ በሌላው ቀዩን ድስት ታቅፋለች። ቤቷ አጥር ለአጥር ሆኖ ሳለ በአስፋልቱ ዞራ፣ በፀሐይ ቲማቲም አጠገብ አልፋ፣ ባገኘችው ሰው ሁሉ ፊት ድስቷን አሳይታ ነው የመጣችው። ቤቱ መሃል አስቀመጠችውና «እኔ እስከ መግሪብ አልቀምስም፤ እሱ ግን ምስክር ነው» ብላ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች።

ከዚያ መጡ። አንድ በአንድ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ ድስቱን በጎን እያዩ። ፀሐይ መጨረሻ ገባች። አሥራ ሁለታችንም ሞላን። ዝናሽ ብርጭቆዎቹን ስትገለብጥ ሁለቴ ስትቆጥራቸው አየሁ፤ ይኼን ለማንም አልተናገርኩም።

ጽዋው ከተጠጣ በኋላ የምስር ወጡ ቀረበ። ቀመስኩ።

ጨው የለውም። ማነሱን አይደለም የምላችሁ፤ የለውም። ሴትዮዋ በዘሀራ ገንፎ ደንግጣ የማኅበሩንም ወጥ ጨው አላስነካችውም። ሁሉም ቀመሱ፤ ሁሉም ቀና ብለው እኔን አዩኝ። የጠላዬን ነገር የረሳ የለም። ዝናሽም ጭልፋዋን እንደያዘች እኔን ታያለች።

«እንዴት ነው ወርቄ?»

ምላሴ ጥርሴ ሥር ደርሳ ተመለሰች።

«ጨምሪልኝ» አልኩ።

ጨመረችልኝ፤ እስኪፈስ ድረስ። «እግዚአብሔር ይቅር ይበለን» አለች ቀስ ብላ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። ያን ሁሉ ጨው የሌለው ምስር ጨረስኩት። ከዚህ በፊት የሰገድኩት ስግደት ሁሉ ተደምሮ የዚያን ያህል አላደከመኝም።

ያ ምስር ጨው እንዳልነበረው ታዲያ እስከ ዛሬ ለአንድ ሰው ትንፍሽ አላልኩም። ይኸው ከእናንተ በቀር። አሁን አባ ይኼን ከሰሙ ባደረስሽበት በር ሁሉ ሂጂ ሊሉኝ ነው፤ እናንተ ደግሞ ስንት እንደሆናችሁ፣ በራችሁም የት እንደሆነ አላውቅ። ጉልበቴም እንደ ድሮው አይደለም።

ብቻ ለማንም እንዳትነግሩ።