በቃሬዛ የተሰደደ ጉልበት

በዚህ ዓለም ላይ እንደ አዲስ ጉልበት የሚሞላቀቅ ነገር የለም! ሙሽራ እንኳ ከጫጉላ ወጥታ ውሃ ትቀዳለች። የአጎቴ የሼህ ሁሴን የቀኝ ጉልበት ግን…

ሐኪሙ ያለቀውን አውጥቶ ልባስ ያለው ብረት ገጠመላቸው። "ልባሱ አጥንቱን ከያዘ ሃያ ዓመት ያገለግልዎታል" አላቸው፤ "ብቻ ሸክም አይሸከሙ፣ ሩቅ መንገድም በእግር አይሂዱ።" ልባስ ሲባል እኔ የማውቀው የቤቴን መጥበሻ ነው፤ በሦስት ወሩ ተላጠ! ስለዚህ ጦርነቱ ወደ ከተማችን ወደ መርሳ ሲቃረብ፣ መኪና ጠፍቶ ሰው ሁሉ በእግሩ ወደ ግራና ሲሰደድ፣ ጭንቀቴ አንድ ብቻ ነበር፤ ይኼ ብረት ቢላላ የት ሐኪም አገኛለሁ?

ሦስት ጎረቤት ለምኜ በቃሬዛ አነሳናቸው። ፀሐዩ ሲጠናባቸው ጋቢያቸውን እስከ ፊታቸው ተከናንበው ተኙ። እንግዲህ የእኛን አገር ሰው ታውቁታላችሁ፤ ራሱ እየተሰደደም ቢሆን ቃሬዛ አይቶ ትከሻውን ሳይሰጥ አያልፍም።

"ኢና ሊላሂ… አምጣ ወንድሜ፣ ደክሞሃል!" አለኝ አንድ መንገደኛ፣ ሬሳ የተሸከምን መስሎት።

ሰጠሁት። ምን ላድርግ፣ ትከሻዬ ሊገነጠል ነበር! ሌሎችም ጎረቤቶቼን ተቀበሏቸው። ወደ ኋላ ቀርቼ እያለከለክሁ ስደርስ አጎቴን ከመንገድ አውጥተው መቃብር ስፍራ አስቀምጠዋቸዋል።

"ጦር ሳይደርስ ቶሎ አፈር እናልብሳቸው" ይላል አንዱ፣ ዶማ አንስቶ።

"ተዉ! በሕይወት አሉ!" ብዬ ጮህኩ።

"ምስኪን፣ ሐዘን አዙሮበት ነው" አሉና አቅፈው ያባብሉኝ ጀመር።

ይሄኔ አጎቴ ጋቢውን ገለጡ። "ምንድን ነው የምትቆፍሩት?"

ቀባሪ ሁሉ እግሬ አውጪኝ አለ! አጎቴም ሰዉ የሮጠው ጦር ደርሶ መስሏቸው ከቃሬዛው ዘለው ተከተሉ። እሳቸው በቀረቡ ቁጥር ሰዉ ይብስበታል፤ ሰዉ ሲብስበት እሳቸውም ያፈጥናሉ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? እኔ ከኋላ "ልባሱ! ኧረ ልባሱ!" እላለሁ… ግራናን ከሁሉም ቀድመው ገቡ።

መንገድ እንደተከፈተ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው። ራጁን ሲያይ እኔም ከጀርባው አንገቴን አስግጌ አየሁ።

"ብረቱ ፍንክች አላለም" አለ በመጨረሻ፤ "ያለቀው ግራው ነው፤ የራስዎ ጉልበት።"

አጎቴ ወደ እኔ ዞሩ። "ወላሂ፣ ጉድ ነው! አራት ሆናችሁ ብረት ስትሸከሙ፣ አላህ የሰጠኝን ጉልበት አንድ እንኳ ዞር ብሎ ያየው ነበር?"