ሃምሳ የሞላው ጀማሪ

ሰውን በአክብሮት የሚያስረጅ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አንድ አለኝ፤ መላኩ ይባላል። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ለንደን ስገባ ሻንጣዬን የተሸከመልኝ እሱ ነው። እግዜር ይስጠውና እስከ ዛሬ አላወረደውም። ዘንድሮ ሃምሳ ሲሞላኝ ደግሞ ጭራሽ አንቱ ብሎኝ አረፈው። አውቶቡስ በገባን ቁጥር “ጋሼ፣ ይቀመጡ” ይለኛል፤ እኔም እስከ ሰፈራችን ስትሪትሃም ቆሜ እከራከረዋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ትኬት አግኝቼ የጎልፍ ውድድር ላሳየው ወሰድኩት። ሃምሳ ያለፋቸው ፕሮፌሽናሎች ሲዝኑን ሙሉ እየዞሩ የሚወዳደሩበት ነው። አንድ ሽበታም ተጫዋች ሳር ውስጥ የወደቀች ኳሳቸውን ለማየት ጎንበስ አሉ። ሽማግሌ ሲጎነበስ መላኩ እንዴት ይቻለው? ተመልካቹን በከለለው ገመድ ሥር ሾልኮ ኳሷን አነሳና በእጅጌው ወልውሎ በሁለት እጁ አቀረበላቸው።

“አይድከሙ አባባ” አለ፣ በአማርኛ።

በጎልፍ ደግሞ የወደቀችን ኳስ ተመልካች አይነካም። ዳኛው እየሮጠ መጣ። ሰውየው ግን ሳቁ፤ እሳቸውም ኳሷን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ቦታዋ መለሷት።

“ሃምሳ ሞልቶኝ ዘንድሮ ነው እዚህ ውድድር የገባሁት፣ ጀማሪ ነኝ” አሉት በእንግሊዝኛ። “እንዲህ አድርጎ የተቀበለኝ የለም።”

ስንመለስ አውቶቡሱ ክላፋም ላይ ሞላ። መላኩ እንደ ልማዱ ተነሳልኝ።

“ጋሼ፣ ይቀመጡ።”

አመስግኜው ተቀመጥኩ። ጀማሪ ሰው ከአሁኑ መድከም የለበትም፤ ሲዝኑ ገና ነው።