የጋሽ ሜትር የካርቶን ኩሽና

በየቤተሰቡ ቤቱን በአፉ የሚያፈርስና በአፉ የሚሠራ አንድ ሰው አይጠፋም። እናንተም ዘንድ አለ፤ አታስተባብሉ። እንግዳ ሆኖ መጥቶ ገና ሳይቀመጥ ግድግዳችሁን በጣቱ መታ መታ አድርጎ ያዳምጣል። እጁን ሊታጠብ ገብቶ ይጠፋና ሲወጣ «ይቺ መታጠቢያ ቤት በሯ በዚህ በኩል ቢሆን እኮ» ብሎ ይጀምራል። ሻዩ ሳይቀርብ ሳሎናችሁ ወደ ጓዳ፣ ጓዳችሁ ወደ በረንዳ ተዛውሯል። የራሱ ቤት በር ግን ዛሬም ሲከፈት ይንጫረራል።

የእኛው ክቡርነታቸው የአክስቴ ባል ናቸው። በስማቸው የሚጠራቸው የለም፤ ሰፈሩም ቤተሰቡም ጋሽ ሜትር ነው የሚላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ልብስ ሰፊ ነበሩ። የስፌት መኪናቸውን ሸጠው ካረፉ በኋላ እንኳ መለኪያቸው ከአንገታቸው አልወረደም፤ ሌላው ክራባት እንደሚያስር እሳቸው ሜትራቸውን ያንጠለጥላሉ። አንዴ የታመመ ዘመድ ልንጠይቅ አብረን ሆስፒታል ሄድን። «እግዜር ይማርህ» ካሉት በኋላ የመታጠቢያ ቤቱን በር ሲከፍቱና ሲዘጉ ቆዩ። ከዚያም በሩ ወደ ውስጥ መከፈቱ ትልቅ ስህተት እንደሆነ፣ በሽተኛው ውስጥ ቢወድቅ ማንም ገፍቶ ሊገባ እንደማይችል ለነርሷ በዝርዝር አስረዷት። በሽተኛው ይህን ሰምቶ ያን ቀን ውሃ አልጠጣም።

የራሳቸውን ኩሽናና መታጠቢያ ቤት ለማደስ ማቀድ የጀመሩት መቼ እንደሆነ የሚያስታውስ የለም። የኩሽናው አሮጌ ካቢኔቶች በእርጥበት በስብሰው ሲወጡ ሁላችንም አናጢ ይመጣል ብለን ጠበቅን። የመጣው ካርቶን ነው። ጋሽ ሜትር ከየሱቁ ደጃፍ የፍሪጅና የቴሌቪዥን ካርቶን ለቃቅመው፣ በልብስ መቀሳቸው ቆራርጠው፣ በፕላስተር አያይዘው፣ ቁመቱም ስፋቱም የእውነቱን የሚያህል ኩሽና አቆሙ። ካቢኔቱ ካርቶን፣ መደርደሪያው ካርቶን፣ የዕቃ ማጠቢያው መሀሉ ተቆርጦ ሳፋ የተቀመጠበት ካርቶን። ከቧንቧውና ከምድጃው በቀር የእውነት ነገር አልነበረም።

መቼ ነው የሚሠራው ብሎ ለጠየቀ ሁሉ መልሳቸው አንድ ነበር። «ልብስ ሳይሞከር አይሰፋም። መጀመሪያ እንኑርበት» ይላሉ። እየኖሩበትም ካርቶኑ ዛሬ ቀኝ ከሆነ ነገ ግራ ነው። አክስቴ ስኒዎቿን እየፈለገች በሰው ፊት ታሾፍባቸዋለች። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ትላለች፤ እሳቸውም የሰሙ አይመስሉም።

አንድ እሁድ ባለቤቴ ለመርዳት ብሎ የሾርባውን ድስት ከምድጃው አንሥቶ በጣም ያማረውና አዲስ የተለጠፈው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። ካርቶኑ ትንሽ አሰበና ቀስ ብሎ ተንበረከከ። ሾርባው ወለሉን አቋርጦ እስከ ሳሎን ደረሰ። ጋሽ ሜትር መወልወያ ከማምጣታቸው በፊት ጎንበስ ብለው ፈሳሹ ወዴት እንደሄደ አዩ፤ ወለሉ በየት በኩል እንደሚያዘቀዝቅ በዚያው ተረዱና ደስ አላቸው። ከዚያ ባለቤቴን ቀና ብለው አይተው «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አሉት። የቸኮለው እሱ ነው እንግዲህ።

ለመታጠቢያ ቤቱ ወለል የሚመላለሱበት የሴራሚክ ሱቅ ሰዎችማ ወንበር መድበውላቸው ነበር። እዚያ ሲገቡ ጫማቸውን ያወልቃሉ፣ የሴራሚኩን ናሙና በውሃ ያረጥቡና በባዶ እግራቸው ይቆሙበታል። የቧንቧ ራሶቹን ደግሞ ዓይናቸውን ጨፍነው አንድ በአንድ ይዳብሳሉ። አዲስ የተቀጠረች ሻጭ ጸሎት ላይ ያሉ መስሏት ሬዲዮውን ቀነሰችላቸው። እኔም አብሬያቸው ነበርኩ፣ አፍሬ ወደ መስተዋቶቹ ዞር አልኩ።

በዚህ ሁሉ መሀል የአክስቴ ዓይን እየደከመ ነበር። ሐኪሙ የጠፋው እንደማይመለስ፣ የቀረውም ቀስ እያለ እንደሚሄድ ነግሯታል። እሷ ነገሩን በሆዷ ይዛ ምግብ መሥራቷን ቀጠለች። አንድ ቀን የድስቱን እጀታ አገኘሁ ብላ ምድጃውን ጨበጠችና መዳፏ ተቃጠለ። ይኼኔ ሌላ ከተማ የምትኖረው ልጃቸው መጣች። ክረምቱ ሳይገባ ይሄ ኩሽና ካልተሠራ እናቴን እወስዳታለሁ፣ አባዬም ከፈለገ ካርቶኑን ይዞ ይከተለን ብላ ቁርጡን ተናግራ ሄደች።

ማታ አክስቴን እጇን ሳሽግላት «እዚህ ቤት ዓይኔ ባያይ እጄ ያያል። እዚያ ግን ቁጭ ብዬ የምጦር ዕቃ ነው የምሆነው» አለችኝ። አክስቴ አሳድጋኛለች፤ ያን ያህል ተጨንቃ አይቻት አላውቅም።

እኔም ደሜ ፈላ። በማግስቱ ጠዋት ሄጄ ጋሽ ሜትርን ኩሽናው ጥግ በርጩማ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ ምን እስኪሆን ነው የሚጠብቁት?» አልኳቸው።

ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው አጠገባቸው እንድቀመጥ በእጃቸው ጠሩኝ። አክስቴ ገባች፤ እኛን አላየችንም። ሽንኩርቷን ልጣ ከተፈች፣ ድስቷን ጣደች፣ ከዚያ ፊቷን ሳታዞር ግራ እጇን ወደ ጨው ዘረጋች። እጇ አየር ላይ ቀረ። ጨው ያለበት የካርቶን መደርደሪያ አንድ ስንዝር ወዲያ ነበር። ዳብሳ ዳብሳ አገኘችውና ሥራዋን ጨርሳ ወጣች። ጋሽ ሜትር ተነሡ፣ ፕላስተሩን ልጠው መደርደሪያውን አንድ ስንዝር ወዲህ አመጡ፣ በሜትራቸው ለኩና መልሰው ለጠፉት።

«እጇን ነው የምጠብቀው» አሉኝ። «ኮት የሚለካው በጨርቁ ነው እንዴ፣ በለባሹ ነው እንጂ። ዓይኗ ጨርሶ ከመሄዱ በፊት እጇ የሚሄድበትን ሁሉ ማወቅ አለብኝ። አንዴ በእንጨት ከመታሁት በኋላ ፈትቼ አልሰፋውም።»

የሴራሚክ ሱቁ ትዝ አለኝ፤ እዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው የቆሙት በእሷ ቦታ ነበር። ፕላስተሩን ያዝኩላቸው።

አናጢው ክረምቱ ሊገባ ሲል መጣ። ሥራው ሲያልቅ ቤተሰቡ ሁሉ ሊያይ ተሰበሰበ፤ ያ ሁሉ ሲታቀድ የኖረ ነገር እንደ መጽሔት ገጽ የሚያብረቀርቅ መስሎን ነበር። ገብተን እርስ በርስ ተያየን። ምድጃው ከድሮ ቦታው፣ ስኒዎቹ ከድሮ ቦታቸው፣ ጨው ልጆች ሆነን እንሰርቀው ከነበረው ስኳር አጠገብ። ካርቶኑ ቀኝና ግራ ሲዞር ከርሞ፣ በስንዝር በስንዝር ወደ ተነሣበት ተመልሷል። ልጃቸው ዙሪያውን አይታ «አባዬ፣ ይሄ እኮ የድሮው ኩሽና ነው» አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ንዴት ነበር።

እሳቸው አክስቴ የምትገባበትን በር ያያሉ። እኔ ግን መዳበስ ጀመርኩ። የጠረጴዛው ጠርዝ ሁሉ እንደ ሳሙና ክብ ተደርጓል። የስኒዎቹ ካቢኔት እጀታ እንጨት ነው፣ የቢላዎቹ መሳቢያ ቀዝቃዛ ብረት፣ የሳህኖቹ ደግሞ በገመድ የተጠመጠመ። መታጠቢያ ቤቱም በሩ ወደ ውጭ ይከፈታል፤ መደገፊያው ብረት አክስቴ ስትነሣ እጇን ከምትጥልበት ቦታ ላይ ተገጥሟል።

አክስቴ ገባች። ሁላችንም ግድግዳው ላይ ተለጠፍን። ውሃ ቀዳች፣ ምድጃውን ለኮሰች፣ ሻይ ቅጠሉን አነሣች፣ ስኒ አወረደች። እጇ አንድም ቦታ አየር ላይ አልቀረም። ሻዩን ቀድታ የስኒውን ጆሮ ወደ ልጇ አዙራ ዘረጋችላት።

«የእንጨቱ ሽታ ባይኖር አዲስ መሆኑን አላውቅም ነበር» አለች።

ጋሽ ሜትር ተጨንቀው አየሩን አሸተቱ። «ሽታው ይለቃል፤ መስኮቱን ከፍተን እናሳድራለን» አሏት። ልጅየዋ ስኒውን በሁለት እጇ ይዛ ጭንቅላቷን እናቷ ትከሻ ላይ አደረገች፤ ስለ መሄድም ማንም አላነሣም።

ባለፈው ሳምንት ጋሽ ሜትር እኔ ቤት መጡ። እንደ ልማዳቸው ገና ሳይቀመጡ ግድግዳዬን መታ መታ አድርገው አዳመጡ፤ ባለቤቴ ድስቱን ይዞ ሸሸ። ከዚያ ሜትራቸውን ከአንገታቸው አወረዱ። እኔም ልብስ እንደሚለካለት ሕፃን ልጅ ቀጥ ብዬ ቆሜ እጄን ዘረጋሁላቸው።